በንግድ ድርጅቶች የኮምፒውተር ሥርዓት የተጠቃሚ ቡድኖችና የመጠቀም ፈቃድ አስተዳደር፦ ለአገልግሎት ፈላጊዎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

በምሥራቃዊው የአዲስ አበባ ክፍል፣ በተለይም በቦሌ፣ በለሚ ኩራና በየካ ክፍለ ከተሞች፣ በርካታ አስመጪና ላኪዎች፣ የጉምሩክ አስተላላፊዎች፣ ሆቴሎች፣ የጉዞ ወኪሎች፣ ክሊኒኮችና የሒሳብ አገልግሎት ሰጪዎች ይገኛሉ። እነዚህ ድርጅቶች የንግድ ፈቃድ ለማሳደስ፣ ግብር ለማሳወቅ ወይም የገቢ ዕቃ ለማስፈቀድ ቀድሞ ፋይል ይዘው ከቢሮ ቢሮ ይመላለሱ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ጉዳይ በኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ይፈጸማል። የድርጅቶቹ የውስጥ ሥራም ቢሆን ከደብተር ወደ ሒሳብ ሶፍትዌር ተሸጋግሯል።

ፋይሉ በመሳቢያ ተቆልፎ በነበረበት ጊዜ ቁልፉ በማን እጅ እንደሆነ ይታወቅ ነበር። ዛሬ በመሳቢያው ቁልፍ ቦታ የተተካው የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ነው። ይህ ማብራሪያ ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸውና ለጉዳይ አስፈጻሚዎቻቸው የመጠቀም ፈቃድ እንዴት መስጠት፣ መወሰንና መሰረዝ እንዳለባቸው ያስረዳል።

1. ጉዳዩ ለምን ትኩረት ይሻል?

ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን ያለው ጊዜ የንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደስበት፣ ዓመታዊ ግብርም የሚከፈልበት ወቅት ነው። የሥራው ጫና በሚበረታበት በዚህ ወቅት አንዳንድ ባለንብረቶች የድርጅታቸውን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ለሒሳብ ባለሙያ ወይም ለጉዳይ አስፈጻሚ በቃል ወይም በአጭር መልእክት ይሰጣሉ። አካውንቱ ሲከፈትም የባለንብረቱ ስልክ ቁጥር ሳይሆን የጉዳይ አስፈጻሚው ቁጥር የሚመዘገብበት አጋጣሚ አለ።

ይህ አሠራር በጊዜው ሥራ ያቀላል፤ ችግሩ የሚታየው ግንኙነቱ ሲቋረጥ ነው። የማረጋገጫ ኮዱ የሚደርሰው ለቀድሞው ሰው ስልክ በመሆኑ ባለንብረቱ ወደ ገዛ አካውንቱ መግባት ይሳነዋል። የእድሳት ጊዜው ሊያልፍ፣ የግብር ማሳወቂያው ሊዘገይና ቅጣት ሊከተል ይችላል። ስሕተት ያለበት ማሳወቂያ ገብቶ ቢገኝ ደግሞ በሥርዓቱ ላይ የሚታየው የድርጅቱ ስም ብቻ ስለሚሆን ማን እንደሠራው ማስረዳት አስቸጋሪ ይሆናል።

2. መሠረታዊ ቃላት

ተጠቃሚ፦ በሥርዓቱ ውስጥ በራሱ ስም የተመዘገበ ሰው ነው። አንድ ሰው አንድ የተጠቃሚ ስም ሊኖረው ይገባል፤ አንድ የተጠቃሚ ስም ለሁለት ሰው ሊያገለግል አይገባም።

የተጠቃሚ ቡድን፦ ተመሳሳይ የሥራ ድርሻ ያላቸው ተጠቃሚዎች በአንድነት የሚመደቡበት ክፍል ነው፤ ለምሳሌ የሽያጭ፣ የመጋዘንና የሒሳብ ቡድን።

የመጠቀም ፈቃድ፦ ተጠቃሚው ወይም ቡድኑ አንድን መረጃ ማየት፣ አዲስ መመዝገብ፣ ማሻሻል፣ መሰረዝ ወይም ማጽደቅ ይችል እንደሆነ የሚወስን ሥልጣን ነው። እነዚህ አምስት ተግባራት ተለይተው ሊሰጡ ይገባል፤ ማየት የተፈቀደለት ሁሉ መሰረዝ ሊፈቀድለት አይገባም።

የሥርዓት አስተዳዳሪ፦ በተለምዶ አድሚን የሚባለው፣ ለሌሎች ፈቃድ የሚሰጥና የሚነሳ ተጠቃሚ ነው።

የድርጊት መዝገብ፦ በተለምዶ ኦዲት ትሬል የሚባለው፣ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደመዘገበ ወይም እንደለወጠ ሥርዓቱ ራሱ የሚይዘው ማስታወሻ ነው።

3. ሦስቱ መርሆች

የመጀመሪያው መርህ ለሥራ ከሚያስፈልገው ያልበለጠ ፈቃድ መስጠት ነው። ጄሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጡት ጽሑፍ ካስቀመጧቸው የመረጃ ጥበቃ መርሆች አንዱ ሲሆን፣ እስከ ዛሬም የሙያው መሠረት ነው። ደረሰኝ የሚቆርጥ ሠራተኛ የደመወዝ ዝርዝር ማየት አያስፈልገውም።

ሁለተኛው መርህ አንድን ሥራ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው በአንድ ሰው እጅ አለመተው ነው። ይህ ለእኛ አገር አስተዳደር እንግዳ አይደለም። በመንግሥት ንብረት አስተዳደር ዕቃ የሚጠየቀው በሞዴል 20፣ ወጪ የሚደረገው በሞዴል 22፣ ገቢ የሚሆነው በሞዴል 19 ሲሆን፣ ጠያቂው፣ ፈቃጁና ንብረት ክፍሉ እያንዳንዳቸው ይፈርማሉ። በብዙ ዕድሮችም የባንክ ገንዘብ የሚወጣው ከአንድ በላይ በሆኑ ኃላፊዎች ጥምር ፊርማ ነው። በወረቀት ላይ ሲሠራበት የኖረው ይህ ጥንቃቄ ሥራው ወደ ኮምፒውተር ሲዛወር ሊቀር አይገባም።

ሦስተኛው መርህ ፈቃድን ለሰው ሳይሆን ለሥራ ድርሻ መስጠት ነው። ዴቪድ ፌራዮሎና ሪቻርድ ኩን የተባሉ የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም ባለሙያዎች ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1992 በተደራጀ መልክ አቅርበውታል። ፈቃዱ ለቡድኑ ከተሰጠ፣ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ወደ ቡድኑ ማስገባት፣ ሲዛወር ደግሞ ከቡድኑ ማውጣት ብቻ ይበቃል። ፈቃድ ለየግለሰቡ በተናጠል ከተሰጠ ግን ከጊዜ በኋላ ማን ምን እንደተፈቀደለት የሚያውቅ አይኖርም።

4. በአነስተኛ ድርጅት እንዴት ይተገበራል?

ለማብራራት ያህል በገርጂ አካባቢ የሚገኝና ስምንት ሠራተኞች ያሉት የግንባታ ዕቃ አስመጪ ድርጅት እንዳለ እናስብ። ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ፣ አንድ ሒሳብ ሹም፣ አንድ ገንዘብ ያዥ፣ ሦስት የሽያጭ ሠራተኞች፣ አንድ የመጋዘን ኃላፊና አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ አሉት። የሚከተለው ክፍፍል ለእንዲህ ዓይነቱ ድርጅት ተስማሚ ነው።

• የሽያጭ ቡድን፦ የዕቃ ዋጋና ክምችት ማየት፣ የሽያጭ ደረሰኝ መመዝገብ። ዋጋ መለወጥና የተመዘገበ ደረሰኝ መሰረዝ አይፈቀድም።
• የመጋዘን ቡድን፦ ገቢና ወጪ ዕቃ መመዝገብ። የደንበኞችን ሒሳብ ማየት አይፈቀድም።
• የገንዘብ ያዥ ቡድን፦ የተሰበሰበና የተከፈለ ገንዘብ መመዝገብ። ክፍያ ማጽደቅ አይፈቀድም።
• የሒሳብ ቡድን፦ መዝገቦችን ማስታረቅ፣ ሪፖርትና የግብር ማሳወቂያ ማዘጋጀት። ጥሬ ገንዘብ መያዝም ሆነ ክፍያ ማጽደቅ አይፈቀድም።
• የማጽደቅ ቡድን፦ ሥራ አስኪያጁ ብቻ። ክፍያና የዋጋ ለውጥ ያጸድቃል፤ የድርጊት መዝገቡን ይመለከታል።
• የጉዳይ አስፈጻሚ ቡድን፦ ለእድሳትና ለፈቃድ የሚያስፈልጉ ሰነዶችን ማየት ብቻ።

የሥርዓት አስተዳዳሪነት ለዕለት ሥራ ከሚያገለግለው የተጠቃሚ ስም የተለየ ሊሆን ይገባል። ሥራ አስኪያጁ አስተዳዳሪ ከሆነ በአስተዳዳሪ ስም የሚገባው ፈቃድ ለመስጠት ወይም ለመንሣት ብቻ ነው። የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል በታሸገ ፖስታ በድርጅቱ ካዝና መቀመጡ፣ ሥራ አስኪያጁ ቢታመም ወይም ከአገር ቢወጣ ሥራው እንዳይቆም ይረዳል።

5. በሥራ ላይ ባሉ ሶፍትዌሮች

በአገራችን በስፋት የሚታወቀው የሒሳብ ሶፍትዌር፣ ኋላ ሴጅ 50 ተብሎ የተሰየመው ፒችትሪ ነው። በዚህ ሶፍትዌር የደህንነት ቅንብር ካልተደረገ በቀር የድርጅቱን ፋይል የከፈተ ሁሉ ያለ ገደብ ማየትና መለወጥ ይችላል። ተጠቃሚዎችን ለመመዝገብ «ሜንቴይን» ከሚለው ዝርዝር «ዩዘርስ»፣ ቀጥሎም «ሴት አፕ ሴኩሪቲ» የሚለው ይመረጣል። በመጀመሪያ የሚመዘገበው ሰው አስተዳዳሪ ስለሚሆን፣ ምዝገባውን የሚጀምረው ሶፍትዌሩን የጫነው ባለሙያ ሳይሆን ድርጅቱ የወከለው ኃላፊ መሆን አለበት። እያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ ስም ከገባ በድርጊት መዝገቡ ላይ ስሙ ይታያል፤ ሁሉም በአንድ ስም ከገቡ ግን መዝገቡ ቢኖርም የሚያስረዳው ነገር የለም።

እንደ ኦዱ ባሉ ሥርዓቶች ደግሞ ፈቃድ በቡድን ይሰጣል። ለምሳሌ በሽያጭ ክፍል «የራሱን ሰነዶች ብቻ»፣ «ሁሉንም ሰነዶች» እና «አስተዳዳሪ» የሚሉ ደረጃዎች አሉ። ሥራ እንዳይስተጓጎል በሚል ለሁሉም ሠራተኛ «አስተዳዳሪ» የሚለውን መምረጥ ቡድኖቹ የተፈጠሩበትን ዓላማ ከንቱ ያደርጋል።

6. ውክልናና የይለፍ ቃል የተለያዩ ናቸው

በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2199 መሠረት ውክልና፣ ተወካዩ በወካዩ ስም ሕጋዊ ተግባራትን ለመፈጸም የሚገባው ውል ነው። የውክልና ሥልጣን በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ፊት ሲሰጥ የሥልጣኑ ወሰን በጽሑፍ ይታወቃል፤ ሲያስፈልግም ይሻራል። የይለፍ ቃል ግን ወሰን የለውም፤ የያዘው ሰው በሥርዓቱ የሚቻለውን ሁሉ ማድረግ ይችላል።

አገልግሎት ፈላጊዎች በተለይ ሊገነዘቡት የሚገባው ነጥብ ውክልና ሲሻር የይለፍ ቃል አብሮ የማይሻር መሆኑን ነው። የውክልና መሻሪያ በተፈረመበት ዕለት የይለፍ ቃሉ መቀየር፣ የተመዘገበው ስልክና ኢሜይልም መስተካከል አለበት። ስለዚህም፦

• የድርጅቱ አካውንት ሲከፈት የሚመዘገበው ስልክ ቁጥርና ኢሜይል የድርጅቱ ወይም የሥራ አስኪያጁ ይሁን።
• ሥርዓቱ ለተወካይ የተለየ የተጠቃሚ ስም እንዲከፈት የሚፈቅድ ከሆነ በዚያ መጠቀም ይገባል።
• የፋይዳ ቁጥርን ተከትሎ በስልክ የሚደርስ የአንድ ጊዜ ማረጋገጫ ኮድ ለማንም አይነገርም። ኮዱን መንገር መታወቂያን አሳልፎ እንደመስጠት ይቆጠራል።

7. ሠራተኛ ሲለቅ ወይም ሲዛወር

ሠራተኛ ሲለቅ ክሊራንስ ማስፈረም የተለመደ ነው። ሆኖም በብዙ ድርጅቶች ቅጹ የሚጠይቀው ስለ ዕቃ፣ ስለ ገንዘብና ስለ መታወቂያ ካርድ ብቻ ነው። በቅጹ ላይ «የተጠቃሚ ስሙ የታገደበት ቀንና ያገደው ኃላፊ ፊርማ» የሚል መስመር መጨመር አነስተኛ ወጪ ያለው፣ ጥቅሙ ግን ከፍተኛ የሆነ ጥንቃቄ ነው። የለቀቀው ሠራተኛ የተጠቃሚ ስም መታገድ እንጂ መሰረዝ የለበትም፤ ከተሰረዘ ቀድሞ የሠራው ሥራ ባለቤት ሊያጣ ይችላል። የጋራ የይለፍ ቃል የነበረ እንደሆነም በዚያው ቀን ሊቀየር ይገባል።

ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የተዛወረ ሠራተኛ አዲሱን ፈቃድ ሲያገኝ የቀድሞው ሊነሳ ይገባል። ከሽያጭ ወደ ገንዘብ ያዥነት የተዛወረ ሰው ሁለቱንም ይዞ ከቀጠለ፣ ሸጦ ገንዘቡንም ራሱ የሚመዘግብ ይሆናል። ይህን ለመከላከል የተጠቃሚዎች ዝርዝር ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ ከሐምሌ በፊት፣ ቢመረመር ይመከራል።

8. አግባብነት ያላቸው ሕጎች

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 3 ሆን ብሎ ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ በማለፍ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን ወንጀል አድርጎ፣ እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም ከ30,000 እስከ 50,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ወይም በሁለቱም እንደሚያስቀጣ ይደነግጋል። ድርጊቱ የተፈጸመው ለድርጅት አገልግሎት ብቻ በዋለ ሥርዓት ላይ ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። «ከተሰጠ ፈቃድ በማለፍ» የሚለው ሐረግ ትርጉም የሚኖረው ድርጅቱ የሰጠው ፈቃድ ወሰን በግልጽ ሲታወቅ ነው። ለሠራተኛው በጽሑፍ ያልተወሰነ ፈቃድ የሰጠ ድርጅት፣ ሠራተኛው ወሰኑን ስለ ማለፉ ማስረዳት ሊከብደው ይችላል።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን የግል ዳታ የሚይዙ ድርጅቶች ለጥበቃው ተገቢውን ቴክኒካዊና አስተዳደራዊ እርምጃ እንዲወስዱ ያስገድዳል። የጤና መረጃ የተለየ ጥበቃ ከሚሹት ውስጥ ስለሆነ፣ ክሊኒኮች የታካሚን ካርድ ከሕክምና ባለሙያው ውጭ ማን ሊያየው እንደሚችል አስቀድመው ሊወስኑ ይገባል።

9. ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

ድርጅቴ ሁለት ሠራተኞች ብቻ ነው ያሉት፤ የቡድን ክፍፍል ያስፈልገኛል?
ብዙ ቡድን አያስፈልግም። ሆኖም ሁለቱም በየራሳቸው ስም ሊገቡ፣ ክፍያ የሚመዘግበውና የሚያጸድቀውም ሊለያዩ ይገባል። ሠራተኛው አንድ ብቻ ከሆነ ባለንብረቱ በየሳምንቱ የድርጊት መዝገቡን ከባንክ መግለጫ ጋር ሊያመሳክር ይችላል።

የሒሳብ ባለሙያዬን አምነዋለሁ፤ ፈቃዱን መወሰን አለመተማመን አይሆንም?
አይሆንም። የፈቃድ ወሰን ባለሙያውንም ይጠብቃል። ጉድለት ቢገኝ ባልነካው መዝገብ እንዳይጠየቅ የሚያስችለው በራሱ ስም የተያዘው የድርጊት መዝገብ ነው።

የቀድሞው ጉዳይ አስፈጻሚ የይለፍ ቃሉን አልመልስም ካለኝስ?
ባለንብረቱ ወይም ሥራ አስኪያጁ መታወቂያውን፣ የንግድ ምዝገባና ፈቃዱን እንዲሁም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ይዞ አካውንቱን ለሚያስተዳድረው ተቋም በጽሑፍ ያመለክታል፤ የተመዘገበው ስልክ ቁጥር እንዲለወጥም ይጠይቃል። አካውንቱ ያለ ፈቃድ ሥራ ላይ የዋለ መሆኑን ከጠረጠረ ለፖሊስ ማመልከት ይችላል። የእድሳት ጊዜው ከመድረሱ አስቀድሞ ማመልከት ከቅጣት ያድናል።

አገልግሎት ፈላጊዎች የዘንድሮውን እድሳትና የግብር ማሳወቂያ ከመጀመራቸው በፊት በድርጅታቸው አካውንት ላይ የተመዘገበው ስልክ ቁጥር የማን እንደሆነ እንዲያረጋግጡ በአክብሮት እናሳስባለን።