ድንበር ተሻጋሪ የቀለብ ውሳኔ አፈጻጸም

ድንበር ተሻጋሪ የቀለብ ውሳኔ አፈጻጸም ማለት በአንድ አገር ፍርድ ቤት የተሰጠ የቀለብ ውሳኔ፣ ከፋዩ በሚኖርበት ወይም ንብረቱ በሚገኝበት ሌላ አገር እንዲፈጸም የሚደረግበት ሕጋዊ ሥርዓት ነው። ቀለብ በሕግ ቋንቋ ምግብን ብቻ ሳይሆን መጠለያን፣ ልብስን፣ ሕክምናንና ትምህርትንም ያጠቃልላል። ባለመብቱ ብዙውን ጊዜ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ሲሆን፣ በስሙ የሚያመለክተው አብሮት የሚኖረው ወላጅ ነው።

የችግሩ ምንጭ

የፍርድ ቤት ትእዛዝ ኃይል በአገሩ ወሰን ያበቃል። ለምሳሌ አዲስ አበባ ያለ ፍርድ ቤት፣ ውጭ አገር የሚገኝ ቀጣሪ ከአባትየው ደመወዝ ላይ ቀለብ እንዲቆርጥ ቢያዝ ቀጣሪው የመታዘዝ ግዴታ የለበትም። የቀለብ ጉዳይ ከንግድ ዕዳ የሚለይበት ሌላም ምክንያት አለ። ወርኃዊው ገንዘብ አነስተኛ ስለሆነ በባዕድ አገር ጠበቃ ለማቆም የሚወጣው ወጪ ከቀለቡ ሊበልጥ ይችላል። ክርክሩ በተራዘመ ቁጥር ውዝፉ ይከማቻል፤ የልጁ ፍላጎት ግን የዕለት ተዕለት ነው።

ታሪክ

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተባሉት በቀር፣ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከቀደምት ሕጎች አንዱ እንግሊዝ በ1920 ያወጣችው ሲሆን፣ በእርሷና በግዛቶቿ መካከል የቀለብ ትእዛዞች እንዲፈጸሙ ይፈቅድ ነበር። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አማካይነት ሰኔ 20 ቀን 1956 በኒው ዮርክ የተፈረመው ስምምነት ደግሞ በየአገሩ ላኪና ተቀባይ መሥሪያ ቤቶች እንዲሰየሙ አደረገ። ባለመብቱ ከአገሩ ሳይወጣ ማመልከቻውን ለላኪው ይሰጣል፤ ተቀባዩ መሥሪያ ቤት በእርሱ ስም ቀለቡን ይጠይቃል። ይሁን እንጂ ስምምነቱ አገሮች የውጭ ውሳኔን እንዲቀበሉ በራሱ አያስገድድም። ይህን ጉድለት ለመሙላት በሄግ ጉባኤ በ1958 እና በ1973 የውሳኔ እውቅናን የሚመለከቱ ስምምነቶች ተዘጋጁ። ሁለቱን መንገዶች ያጣመረው የሄግ የቀለብ ስምምነት ኅዳር 23 ቀን 2007 ተፈርሞ ከጥር 1 ቀን 2013 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ።

የ2007ቱ ስምምነት አሠራር

እያንዳንዱ አባል አገር አንድ ማዕከላዊ ባለሥልጣን ይሰይማል። ጥያቄ የደረሰው ባለሥልጣን በ6 ሳምንት ውስጥ መቀበሉን ያሳውቃል፤ ከዚያ በኋላ ባሉት 3 ወራት ውስጥ ጉዳዩ የደረሰበትን ይገልጻል። ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የሚቀርብ የቀለብ ጥያቄ በመርህ ደረጃ ነጻ የሕግ ድጋፍ ያገኛል።

ውሳኔው የሚፈጸምበት አገር ፍርድ ቤት የነገሩን ፍሬ እንደገና አይመረምርም። እውቅና የሚከለክለው በተወሰኑ ምክንያቶች ብቻ ነው፦ ውሳኔው ከአገሩ መሠረታዊ የሕግ ሥርዓት ጋር በግልጽ ሲጋጭ፣ በማጭበርበር ሲገኝ፣ ወይም ከፋዩ ስለ ክሱ ሳይነገረው የመከላከል ዕድል ሲነፈግ የመሳሰሉት ናቸው። ከፋዩ ውሳኔው በተሰጠበት አገር ባለመብቱ እስከኖረ ድረስ፣ በመርህ ደረጃ ወደ ሌላ አገር ፍርድ ቤት ሄዶ ቀለቡን ማስቀነስ አይችልም። የማስፈጸሚያ እርምጃዎቹ ከደመወዝ መቁረጥን፣ የባንክ ሒሳብን መያዝን፣ ንብረት መሸጥንና የመንጃ ፈቃድ ማገድን ይጨምራሉ።

የዳኝነት ሥልጣን ልዩነት

በብዙ የአውሮፓ አገሮች ክስ ባለመብቱ በሚኖርበት ቦታ ሊቀርብ ይችላል። በአሜሪካ ግን ፍርድ ቤቱ ከከፋዩ ጋር በቂ ግንኙነት ሊኖረው እንደሚገባ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1978 ወስኗል። ስለዚህ የ2007ቱ ስምምነት አሜሪካ በዚህ ነጥብ ላይ ተጠባቂ እንድትሆን በር ከፍቶ አስገብቷታል፤ በአሜሪካ የጸናው ከጥር 1 ቀን 2017 ጀምሮ ነው። በዚያ አገር ከ2,500 ዶላር በላይ የልጅ ቀለብ ውዝፍ ያለበት ሰው ፓስፖርት ሊከለከል ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ ከሰኔ 18 ቀን 2011 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደንብ ቁጥር 4/2009፣ በአብዛኞቹ አባል አገሮቹ መካከል የፍርድ ቤት የማስፈጸሚያ ፈቃድ መጠየቅን አስቀርቷል።

በኢትዮጵያ

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992 በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የቀለብ መጠን የጠያቂው ችግርና የከፋዩ አቅም ተመዝኖ እንዲወሰን ያዛል። ኢትዮጵያ ግን የ2007ቱ ስምምነት አባል አይደለችም።

በመሆኑም የውጭ አገር የቀለብ ውሳኔ በኢትዮጵያ የሚፈጸመው በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ከአንቀጽ 456 እስከ 461 ባሉት ድንጋጌዎች ነው። አመልካቹ የውሳኔውን የተረጋገጠ ግልባጭና ፍርዱ የመጨረሻ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያቀርባል። ከመስፈርቶቹ መካከል ከባዱ፣ ውሳኔው የተሰጠበት አገር የኢትዮጵያን ፍርዶች የሚያስፈጽም መሆን አለበት የሚለው ነው። የልጁ መብት በሁለቱ መንግሥታት የእርስ በርስ አሠራር ላይ የሚንጠለጠለው በዚህ ነጥብ ነው።

በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከፋዩ ውጭ አገር ሲኖር የኢትዮጵያ ውሳኔ ዕጣ በዚያ አገር ሕግ ይወሰናል። በአሜሪካ ለምሳሌ የክፍለ ግዛት ፍርድ ቤት ስምምነት ባይኖርም የውጭ ውሳኔን በመልካም ፈቃድ ሊቀበል ይችላል። ይህ ካልተሳካ የሚቀረው አማራጭ ከፋዩ በሚኖርበት አገር አዲስ የቀለብ ክስ መመሥረት ነው። በዚያን ጊዜ የአዲስ አበባው ፍርድ እንደ ማስረጃ ሊቀርብ ቢችልም፣ የልጅነትና የገቢ ጉዳይ ከመጀመሪያው እንደገና ሊጣራ ይችላል።