ሰቆጣን ማን አራቃት?

ሰቆጣ ስትነሳ ከስሟ ጋር ተጣብቀው የሚመጡ ቃላት አሉ፤ ሩቅ፣ ገደል፣ ድርቅ፣ እርዳታ። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስቆም ቃል ሲገባ ሰነዱን “የሰቆጣ ቃል ኪዳን” አለው። ስያሜው በክፋት አልተመረጠም። ግን የአንድ ከተማ ስም በዓለም መድረክ የሚጠራው በረሃብ ምክንያት ሲሆን፣ ከተማዋ እዚህ እንዴት እንደደረሰች መጠየቅ ተገቢ ነው። የተለመደው መልስ አጭር ነው፤ “መንገድ አልነበራትም፣ ሩቅ ናት።”

ይህ መልስ ታሪኩን ገልብጦ የያዘ ነው። የዋግ ገደል ከዛሬ 150 ዓመት በፊትም ያው ገደል ነበር። ተከዜም ያው ተከዜ። ያኔ ግን ሰቆጣ የመንገድ መጨረሻ ሳትሆን የመንገድ መሐል ነበረች።

ነገሩ ከጨው ይጀምራል። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ከሚገኘው የአፋር ጨው ሜዳ የሚቆረጠው አሞሌ በግመል ተጭኖ ወደ ትግራይ ደጋ ይወጣል። ከዚያ በበቅሎና በአህያ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ይበተናል። ወደ ላስታ፣ ወደ የጁ፣ ወደ በጌምድር ከሚያወርዱት መስመሮች ዋነኛው በሰቆጣ በኩል የሚያልፈው ነበር። ከ2 ሺህ 200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለችው ከተማ ታላቅ የጨው ገበያ የሆነችው በዚህ ምክንያት ነው።

ዛሬ ጨው በኪሎ ተገዝቶ ወጥ ውስጥ የሚጨመር ነገር ስለሆነ የነገሩን ክብደት መገመት ይከብዳል። አሞሌ ገንዘብ ነበር። በ1520 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር መጥቶ ስድስት ዓመት የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ እንደሚሠራ፣ ከመነሻው በራቀ ቁጥርም ዋጋው እየጨመረ እንደሚሄድ ጽፏል። ልብ በሉ፤ የአሞሌን ዋጋ የሚጨምረው ራሱ መንገዱ ነው። እያንዳንዱ ቁልቁለት፣ እያንዳንዱ የወንዝ መሻገሪያ፣ እያንዳንዱ ኬላ በጨዋ ላይ ዋጋ ይጨምራል። ጠርዙ የተሸረፈ አሞሌ ደግሞ ዋጋው ስለሚወርድ ጭነቱ መንገድ ላይ እንዳይፋጭና ዝናብ እንዳያገኘው መጠንቀቅ የሲራራ ነጋዴው ዋና ሙያ ነበር። ገንዘቡ በዝናብ የሚሟሟ ሰው ክረምትን እንዴት እንደሚፈራ መገመት አያዳግትም።

እዚህ ላይ መንገዱን ራሱን ማየት ያስፈልጋል። የዋግ የእግር መንገድ ዝም ብሎ የእንስሳ ዱካ አይደለም፤ የታሰበበት ነው። አውሮፓ ውስጥ፣ ለምሳሌ በቤልጂየም አርደን፣ እግረኛ የሚሄድባቸው ብዙ መንገዶች ኡርትንና ሰሟን የመሳሰሉ ወንዞችን ተከትለው በደን ውስጥ ለውስጥ ይጓዛሉ። በዋግ ወንዝን ተከትሎ የሚሄድ መንገደኛ ወይ እንግዳ ነው ወይ የሚያሳድደው አለ። ተከዜና ገባሮቹ፣ ጸላሪን ጨምሮ፣ መሬቱን በጥልቅ ስለቆረጡት ሸለቆው ውስጥ ክረምት ደራሽ ውሃ አለ፤ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ንዳድ አለ። ስለዚህ መንገዱ እስከቻለ ድረስ ተረተሩን ይዞ ይሄዳል፣ ማደሪያውን ደጋ ላይ ያደርጋል፣ ወንዙን የሚቆርጠው መልካው ባለበት አንድ ቦታ ብቻ ነው። ወደ ቆላው መውረድ ሳይነጋ ነው። ጭነት የያዘ እንስሳ በቀትር ዳገት ላይ ከተያዘ ያበቃለታል።

ዛፎቹም የመንገዱ አካል ናቸው። ወንዝ ዳር ሾላ፣ ዋርካና ሮቃ አሉ፤ ጭነት የሚራገፈው፣ እንስሳ የሚያርፈው እነሱ ሥር ነው። ወጣ ሲባል ግራርና የዕጣን ዛፍ ይመጣል። የዋግ ቆላ ዕጣን ዛሬም ይለቀማል። ደጋው ላይ ወይራና ጥድ ይጠብቃሉ፤ በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ። እርሻ ዙሪያውን ሲበላው የተረፈው ደን ይኸው ነው። ለመንገደኛ ግን የደብሩ ዛፍ ከጥላም በላይ ነው፤ ከሩቅ ይታያል፣ አቅጣጫ ያሳያል፣ አጠገቡም ሰው አለ። በሰቆጣ አቅራቢያ ከዓለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስም ሆነ ወደ ላሊበላ ሲወረድ በዋሻ ውስጥ የተሠራውና በጥንት ጥዶች የተከበበው ይምርሐነ ክርስቶስ ከዚህ የእግር መንገድ ተለይተው የሚታዩ አይደሉም። ነጋዴና ተሳላሚ አንድ መንገድ ይካፈላሉ፤ ስንቃቸው ብቻ ይለያያል።

መንገድ ባለበት ሥልጣንም አለ። የዋግ ሹሞች በትውፊት የዛግዌ ነገሥታት ዘር ናቸው፤ በ1270 እ.ኤ.አ. ዙፋኑ ወደ ይኩኖ አምላክ ሲዞር ዋግ ከነልዩ ክብሩ ለነሱ ቀረ ይባላል። ይህ ክብር ለዘመናት የቆመው በትውፊት ብቻ አይመስልም። የጨው መንገድ የሚያልፍበትን ምድር የያዘ ሰው ቀረጡንም፣ ወሬውንም፣ የጦር መተላለፊያውንም ይዟል።

1860 ዓ.ም. ይህን በደንብ ያሳያል። የጄኔራል ናፒየር ጦር 44 የህንድ ዝሆኖች ይዞ አጼ ቴዎድሮስን ለመግጠም ወደ መቅደላ ሲወርድ ከአሸንጌ ሐይቅ በኋላ የረገጠው የዋግሹም ጎበዜን ግዛት ነው። ጎበዜ አባታቸውን ዋግሹም ገብረ መድኅንን ቴዎድሮስ ያስገደሉባቸው ሰው ናቸው፤ መንገዱን አልዘጉም። ቢዘጉት ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለው ጥያቄ የታሪክ ወዳጆችን እስከዛሬ ያከራክራል። መቅደላ በወደቀች በዚያው ዓመት ጎበዜ አጼ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። እስከ ሐምሌ 1863 ዓ.ም. ድረስ፣ ማለትም የወደፊቱ አጼ ዮሐንስ አድዋ አጠገብ ድል እስኪያደርጓቸው፣ ኢትዮጵያ ከዋግ የተነሳ ንጉሠ ነገሥት ነበራት። “ሩቅ” የሚባል አገር ንጉሠ ነገሥት አያወጣም።

ከመቅደላ በኋላ ጀርመናዊው ተጓዥ ጌርሃርድ ሮልፍስ በላሊበላና በሰቆጣ አድርጎ ወደ ሰሜን ተመለሰ። ከአድዋ ድል በኋላ እንግሊዛዊው አውግስተስ ዋይልድ በዚሁ አቅጣጫ መጥቶ ጉዞውን በ1901 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ጽፎታል። በሁለቱ ጉዞዎች መካከል ክፉ ቀን አልፏል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው በዚያ ረሃብ ከብቱ በደስታ በሽታ አለቀ፣ ሰው ረገፈ፣ መንደር ባድማ ሆነ። ሰቆጣ ግን ከዚያም በኋላ ገበያ ነበረች። ጨው እስካለፈ ድረስ ከተማዋ ከውድቀት ትነሳለች።

ያልተነሳችው ጨው ሌላ መንገድ ሲይዝ ነው።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን ሲይዝ መጀመሪያ ያስፈለገው ለከባድ መኪና የሚሆን መንገድ ነበር። ከአስመራ ተነስቶ በአምባላጌ፣ በማይጨው፣ በኮረም አድርጎ በግራ ካሕሱ ጠመዝማዛ ወደ አላማጣ የሚወርደውና በደሴ አዲስ አበባ የሚገባው መንገድ ያን ጊዜ ተሠራ። የመሐንዲሱ ምርጫ በራሱ የሚያስወቅስ አይደለም፤ መኪና ምሥራቁን ጫፍ ይዞ መሄድ ይቀለዋል። ውጤቱ ግን ፍርድ ነበር። ጨው መኪና ላይ ወጣ። ለብዙ መቶ ዓመታት በሰቆጣ ያለፈው ንግድ በኮረምና በአላማጣ ማለፍ ጀመረ። አንድም ተራራ ከቦታው ሳይነቃነቅ ሰቆጣ ሩቅ ሆነች።

በአምስቱ ዓመት ወረራ የሁለቱ መንገዶች ልዩነት የጦር ልዩነትም ነበር። ጣሊያን የመኪናውን ያዘ፣ አርበኛው የእግሩን። በዋግና በላስታ የተነሳውን አመፅ ከመሩት አንዱ የዋግሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ናቸው። በመስከረም 1930 ዓ.ም. ተገደሉ፤ አንገታቸውም ተቆርጦ ለሕዝብ መቀጣጫ ታየ። ጠላት ወጣ፣ መንገዱ ቀረ። ከነጻነት በኋላ የመጡት መንግሥታትም ጣሊያን የሳለውን መስመር ይዘው አስፋፉት፤ ዋግን ወደዚያ የሚያገናኘው መንገድ ግን ለረጅም ዘመን ጠባሳ የሚያህል ሆኖ ቆየ።

ዋጋው በ1977 ዓ.ም. ተከፈለ። በጥቅምት ወር የቢቢሲ ካሜራ ኮረም ላይ ያሳየው ትዕይንት ዓለምን አስለቀሰ። ብዙዎች ያን ሥዕል ሲያዩ የኮረም ረሃብ ይመስላቸዋል። ኮረም ግን መጠለያ የሆነችው ዋናው መንገድ ላይ ስላለች ነው። እህሉ የጫነው መኪና የሚደርሰው እዚያ ድረስ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ጦርነትም አለ፣ መንገድም የለም። ስለዚህ ሰው ወደ እህሉ ሄደ። ከዋግ፣ ከላስታ፣ ከራያ ልጅ ያዘለ፣ ሽማግሌ የደገፈ ሕዝብ አያቶቹ አሞሌ የጫኑበትን መንገድ ባዶ እጁን ተጓዘበት። ያ ሁሉ ሰው ቀናት የተጓዘበትን መንገድ “የለም” ማለት አይቻልም። የሌለው መኪና የሚያስኬደው ነው።

በዚህ አገር “መንገድ” የሚለው ቃል ትርጉሙ ጠቧል። መኪና ካልሄደበት መንገድ አይባልም፣ ካርታ ላይም አይወጣም። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ውሃው ወደ ዋግ ቆላ ተንጣሎ ሲገባ፣ ሰው ለትውልድ የተሻገረባቸው መልካዎች ከሥሩ ቀርተዋል። ግድቡ መብራት ሰጥቷል፤ ለአካባቢው ወጣቶችም ዓሣ አምጥቷል፤ ያን መካድ አይገባም። ሐይቅ ሲመጣ ግን ማዶና ማዶ የነበሩ ዘመዳሞች መሻገሪያቸውን ያጣሉ፤ የማይመዘገብ ነገር ሲጠፋ ደግሞ ካሳ አይጠየቅበትም።

ቤልጂየም በዚህ በኩል አንድ የምትነግረን ነገር አላት። በ1841 እ.ኤ.አ. እያንዳንዱ የገጠር ማዘጋጃ በክልሉ ያለውን የገጠር መንገድና የእግር መንገድ ሁሉ ከነስፋቱ በካርታ እንዲመዘግብ ሕግ ወጣ። ያን ጊዜ ስለ ጎብኚ ያሰበ አልነበረም፤ ጉዳዩ ገበሬው ወደ እርሻው፣ ወደ ወፍጮው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እንዴት ይሂድ የሚል ነበር። ዛሬ በአርደን ደኖች ውስጥ ዛፍ ላይ ቀይና ነጭ ምልክት እየተከተለ የሚሄደው እግረኛ ከዚያ መዝገብ ይጠቀማል፤ የተመዘገበን መንገድ ባለመሬት በአጥር ሊዘጋው ቢል ሕዝቡ የሚያሳየው ወረቀት አለው። እኛም ዘንድ ሙከራው አለ። በላሊበላ ዙሪያና በመቄት ገበሬዎች እንግዳ ተቀብለው በእግር መንገዳቸው እየመሩ፣ በገደል አፋፍ በሠሯቸው ማረፊያዎች እያሳደሩ ገቢ አግኝተዋል። ከላስታ ተነስቶ ወደ ሰቆጣ የሚያወጣው ጥንታዊ መስመር ግን ገና ዕድሉ አልደረሰውም። በመሐሉ ደግሞ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዋግን የመታው ጦርነት መጣ፤ ሕዝቡ እንደገና በእግሩ ተሰደደ።

ጎብኚ ይምጣ አይምጣ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሰላም ሲሆን ይታያል። መመዝገቡ ግን ጎብኚን አይጠብቅም። የትኛው መልካ በየትኛው ወር ይሻገራል፣ ኬላው የት ነበር፣ ነጋዴ የሚያድርበት መንደር ማን ይባላል፣ ቦታዎቹ በኽምጣንጋ ምን ይባላሉ? ይህን የሚመልሱ ሰዎች አባቶቻቸው አሞሌ የጫኑ ናቸው፤ በየዓመቱም ቁጥራቸው ያንሳል።

ታኅሣሥ በገባ ቁጥር ከዋግ ደጋና ቆላ ነጠላ የለበሱ ሰዎች ስንቃቸውን አንግተው ለልደት ወደ ላሊበላ ይወርዳሉ። ካርታ አይዙም። ከፊት የሚሄዱት ሽማግሌ ውሃው የት እንዳለ፣ የትኛው ደብር ማደሪያ እንደሚሰጥ ያውቃሉ። መዝገቡን እጀምራለሁ የሚል ሰው ካለ የመጀመሪያ ሥራው ደብተር ይዞ ከኋላቸው መከተል ነው።