ክብ ምድርና ዝርግ ካርታ

ምድር ድቡልቡል ናት፤ የምንሥልባት ወረቀት ግን ዝርግ ነው። የብርቱካን ልጣጭ ሳይቀደድ ወይም ሳይለጠጥ በገበታ ላይ ሊነጠፍ እንደማይችል ሁሉ፥ የምድርም ገጽ ሳይዛባ በወረቀት ላይ አይሰፍርም። ስለዚህ የካርታ ሥራ ታሪክ፥ የትኛው እውነት እንዲጠበቅና የትኛው እንዲተው የመምረጥ ታሪክ ነው።

በፍላንደርስ የተወለደው ጌራርዱስ መርካቶር እ.ኤ.አ. በ1569 ባሳተመው የዓለም ካርታ የመረጠው የመርከበኞችን ጥቅም ነው። መርከበኛ የኮምፓሱን አቅጣጫ ሳይለውጥ የሚጓዝበት መንገድ በካርታው ላይ ቀጥ ያለ መሥመር ሆኖ እንዲታይ፥ ከምድር ወገብ በራቀ መጠን የኬክሮስን መሥመሮች እያራራቀ ሣለ። ስሌቱን በሠንጠረዥ አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1599 ያሳተመው እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ራይት ነው። ነገር ግን አቅጣጫ ሲጠበቅ ስፋት ተበላሸ፤ ግሪንላንድን አሥራ አራት ጊዜ ያህል የምትበልጠው አፍሪካ ከእርሷ ጋር የምትተካከል መስላ ትታያለች።

ይኸው ስልት እ.ኤ.አ. በ2005 ለጉግል የኢንተርኔት ካርታ መሠረት ሆነ። ካርታው ዲግሪን ወደ ሜትር ለውጦ ይሥላል፤ የሜትሩም መነሻ የምድር ወገብና የግሪንዊች መሥመር የሚገናኙበት፥ በጊኒ ባሕረ ሰላጤ ያለው ነጥብ ነው። አዲስ አበባ በ9.03 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስና በ38.74 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ትገኛለች። እነዚህ ዲግሪዎች ሳይለወጡ እንደ ሜትር ቢቈጠሩ፥ ከተማይቱ ከዚያ ነጥብ 40 ሜትር ያህል ርቃ ከባሕር ላይ ትወድቃለች። ሁለቱ ቍጥሮች ቦታ ቢለዋወጡ ደግሞ ከሰርዲኒያ በስተ ደቡብ በሜዲትራኒያን ባሕር ትገኛለች።

እንዲህ ያለው ስሕተት ጉልህ ስለ ሆነ ቶሎ ይታረማል። ይልቁንም የሚያሠጋው ትንሹ ነው። የአገራችን የቀድሞ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በተባለው የመለኪያ መሠረት ሲሆን፥ የዛሬው የሳተላይት መሣሪያ የሚለካው ደብሊው ጂ ኤስ 84 በተባለው በሌላ መሠረት ነው። ቍጥሮቹ ሳይመሳከሩ ቢደባለቁ በመሬት ላይ ከ100 ሜትር የሚበልጥ ልዩነት ይፈጠራል። ከባሕር የወደቀች ከተማ ታስቅ ይሆናል፤ ሳይታወቅ 100 ሜትር የተዛወረ የእርሻ ድንበር ግን ጎረቤትን ከጎረቤት ያካስሳል።

እህል የሰፈረ ሰው «አሥር» ብቻ ብሎ ቢጽፍ፥ በቁና ይሁን በዳውላ ማን ያውቃል? የቦታም ቍጥር እንዲሁ ነው። እንግዲህ የመሬትን ነገር የሚመዘግብ ሁሉ ከቍጥሩ አጠገብ የመለኪያውን ስም ሊጽፍ ይገባዋል።