ምጣድ፣ ጨውና ትሮንድሄም፦ ከዋግ ኽምራ የታየ የምርምር ታሪክ

በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ ቁመቱ 188 ሜትር፣ አቅሙ 300 ሜጋ ዋት ነው። ሐይቁ በከፊል የተኛው በዋግ ኽምራ መሬት ላይ ነው። ከዋግ ገበሬዎች አንዳንዶቹ ዓሣ አጥማጆች ሆኑ፤ የገጠሩ እንጀራ ግን ዛሬም በአብዛኛው የሚጋገረው በማገዶ ነው።

ስለዚህ ከግድቡ ይልቅ ምጣዱን መርጫለሁ። ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ወደ ኖርዌይ፣ ትሮንድሄም የተሻገሩ የዶክትሬት ተማሪዎች ጥያቄያቸውን ከእናቶቻቸው ጓዳ ይዘው ሄዱ፦ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በፀሐይ ሙቀት እንጀራ መጋገር ይቻላልን? ምጣድ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል፤ የተለመደው የፀሐይ ማብሰያ ግን ለድስት እንጂ ለምጣድ አልታሰበም። መስታወት የሰበሰበውን ሙቀት በእንፋሎት እያጓጓዙ የሶዲየምና የፖታሲየም ናይትሬት ጨው ቅልቅል አቀለጡበት፤ ጨው ሲረጋ ሙቀቱን ለምጣዱ ይመልሳል። የሰቆጣ ገበያ ድሮ በአሞሌ የታወቀ ነበርና፣ ጨው እንደገና ሀብት መሆኑ ይገርመኛል።

ብዙ ወጣት ተመራማሪ ባሕር ተሻግሮ የአማካሪውን ጥያቄ ሲወርስ አይቻለሁ። እነዚህ የራሳቸውን አስረከቡ፤ ልውውጥ የምለውም ይህንን ነው። ምጣዱ ግን እስካሁን በገጠር ጓዳ አልተስፋፋም፤ መስታወቱና ቧንቧው ለአንድ ገበሬ ቤት ውድ ናቸው።