መጽሐፉና አንባቢው

ወጣቶች ሆይ! መጽሐፍ አንደበት የለውምና ጠላት ሲመጣበት «አድኑኝ» ብሎ አይጮኽም። የሚተርፈው ዋጋውን የሚያውቅ ሰው ያገኘ እንደ ሆነ ነው። ለዚህም አንድ ምስክር ላምጣላችሁ።

በቦስንያ ዋና ከተማ በሳራዬቮ ቤተ መዘክር ውስጥ ሀጋዳ የሚባል የአይሁድ የብራና መጽሐፍ ይገኛል። ሀጋዳ በዕብራይስጥ «ትረካ» ማለት ነው፤ አይሁድ በፋሲካ ማታ በማዕድ ዙሪያ ተቀምጠው፣ አባቶቻቸው ከግብፅ ባርነት የወጡበትን ታሪክ ለልጆቻቸው የሚያነቡበት መጽሐፍ ነው። የሳራዬቮው ሀጋዳ የተጻፈው በእስፓኝ አገር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1350 ገደማ ነው። ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ ያለው የኦሪት ታሪክ በወርቅና በልዩ ልዩ ቀለም ተሥሎበታል። በአንዳንድ ገጾቹም ላይ የወይን ጠጅ ጠብታ ስለሚታይ፣ በእውነት በማዕድ ላይ ሲነበብ እንደ ኖረ ያስረዳል።

በ1492 የእስፓኝ ነገሥታት አይሁድን ከአገር አስወጡ፤ ሀጋዳውም ከእስፓኝ ወጥቶ ኢጣልያ ደረሰ። በዚያም በ1609 አንድ የቤተ ክርስቲያን መርማሪ ተመልክቶት ፊርማውን አኖረበት። የዕብራይስጥ መጻሕፍት ይቃጠሉ በነበረበት በዚያ ዘመን መጽሐፉ ከእሳት ተረፈ። በ1894 የሳራዬቮ ቤተ መዘክር ገዛው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናዚዎችና ተባባሪዎቻቸው ሳራዬቮን ይዘው አብዛኞቹን አይሁድ አጠፉ። በ1942 አንድ የጀርመን ጄኔራል መጽሐፉን ሊወስድ ወደ ቤተ መዘክሩ እንደ መጣ ይነገራል። የመጻሕፍቱ ኀላፊ ደርቪሽ ኮርኩት የእስልምና ሃይማኖት ተከታይ ነበር፤ ነገር ግን የሌላ ሃይማኖት ነው ብሎ አልተወውም፤ ሸሽጎ አወጣው።

ልብ በሉ! ይህ ሰው ያዳነው ብራና ብቻ አይደለም። በዚያው ዓመት እርሱና ሚስቱ ሰርቬት አንዲት አይሁዳዊት ልጃገረድ በቤታቸው አስጠግተው፣ የእስላም ሴት ልብስ አልብሰው ከሞት አድነዋታል። ስለዚህ በ1994 በኢየሩሳሌም የሚገኘው ያድ ቫሼም ስማቸውን ከጻድቃን ጋር ጻፈ።

በ1992 ደግሞ ሳራዬቮ በጦር ስትከበብ ኤንቬር ኢማሞቪች የተባለ ሌላ እስላም ምሁር በጥይት መካከል ገብቶ ሀጋዳውን አወጣ፤ መጽሐፉም በባንክ ካዝና ተጠበቀ።

ኮርኩት ሀጋዳውን ሸሽጎ ልጂቱን ከደጁ መልሷት ቢሆን ኖሮ፣ ብራናው በተረፈ፣ ከባርነት ስለ መውጣት የሚናገረው ቃል ግን ከንቱ በሆነ ነበር። እንግዲህ ልጆቼ፣ የጎረቤታችሁን መጽሐፍ እንደ ራሳችሁ መጽሐፍ ጠብቁ፤ ከመጽሐፉም አስቀድማችሁ አንባቢውን ጠብቁ።