ፍሬን ሲንቀጠቀጥ ዲስኩ ለምን ይወቀሳል?

በከተማችን ጋራዦች በየቀኑ የሚሰጥ አንድ ፍርድ አለ። መኪናው ፍሬን ሲያዝ መሪው ይንቀጠቀጣል። መካኒኩ ጎማውን ፈትቶ ዲስኩን በጣቱ ይዳብስና «ተጣሟል፣ ቶርኖ ይግባ» ይላል። ባለመኪናው ይከፍላል፤ መንቀጥቀጡም ይጠፋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ተመልሶ ይመጣል። ያን ጊዜ ፍርዱ «አዲስ ዲስክ ግዛ» ይሆናል።

ጉዳዩ የመካኒክ ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። በዚያው ዓመት የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መንግሥት ከልክሏል። ስለዚህ በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ያገለግሉናል፤ ፍሬናቸውም አብሮ ያረጃል። «ዲስኩ ተጣሟል» የሚለው ፍርድ ትክክል ነው ወይ ብሎ መጠየቅ የኪስም የሕይወትም ጉዳይ ነው። መልሱን ለማግኘት የፍሬንን ታሪክ ከመነሻው ማየት ይጠቅማል።

ከአሮጌ ጫማ የተጀመረ ነገር

እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ሄርበርት ፍሩድ የተባለ እንግሊዛዊ አንድ ነገር አስተዋለ። በደርቢሸር ኮረብታማ መንገዶች ጋሪ የሚነዱ ገበሬዎች ቁልቁለት ሲወርዱ በእንጨት ፍሬናቸው ላይ አሮጌ ጫማ ያስራሉ። እንጨት በብረት ላይ ይንሸራተታል፤ ቆዳው ግን ይይዛል። ፍሩድ ከዚህ ተነስቶ የፍሬን ሸራ መሥራት ጀመረ። የስሙን ፊደላት አዘዋውሮ የፈጠረው «ፌሮዶ» የሚለው የንግድ ስም ዛሬም በሸራ ካርቶን ላይ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1908 ሙቀት የሚችል አስቤስቶስ ሸራው ውስጥ ገባ። የአስቤስቶስ ብናኝ ሳንባን እንደሚገድል በኋላ ታወቀና እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ፈጽማ አገደችው።

ዲስክ ፍሬን ራሱ ብዙዎቻችን ከምናስበው በላይ አሮጌ ነው። ፍሬድሪክ ላንቸስተር በበርሚንግሃም የባለቤትነት መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1902 ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ማቴሪያሉ ግን ገና አልነበረም። በመዳብ የተለበጠ ሸራው ዲስኩን ሲነካ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ያወጣ ነበር። በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው ሉዊ ሬኖ የታምቡር ፍሬንን ይዞ መጣ። ታምቡር ዝም ያለ፣ ርካሽና ከጭቃና ከአቧራ የተሸፈነ ስለነበር ለሚቀጥሉት 50 ዓመታት ዓለምን ገዛ።

ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣው የአገራችን የመጀመሪያ መኪናም የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያኖች በጣርማ በርና በሊማሊሞ መንገድ ሲቆርጡ በዚያ የወጡና የወረዱት ካሚዮኖች የሚቆሙት በታምቡር ነበር። ጎማ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ቶርኖ የምንላቸው ቃላት የጣሊያን ቅርስ ናቸው።

ቁልቁለት የሚጠይቀው ሒሳብ

ፍሬን መኪናን አያቆምም፤ እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት ይቀይራል። መኪናው የሚቆመው በዚህ ቅየራ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወይም ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ስንወርድ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ እናጣለን። 1,300 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 12.7 ሜጋ ጁል ገደማ ነው። ይህ 38 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ውስጥ የተወሰነውን ነፋስና ሞተር ይወስዱታል፤ ሾፌሩ ማርሽ ካልቀነሰ ግን አብዛኛው ፍሬን ላይ ያርፋል። በትልቅ ማርሽ ወይም በዜሮ መውረድ ያን ሁሉ ሙቀት በአራት ጎማ ፍሬኖች ላይ መጣል ነው።

ታምቡር የተሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ሲግል ይሰፋል፤ ሲሰፋ ደግሞ ከውስጥ ከሚገፋው ሸራ ይርቃል። ሾፌሩ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ፔዳሉ ይሰምጣል፣ መኪናው ግን አይያዝም። ዲስክ ሲግል ወደ ሸራው ይወፍራል፤ በነፋስ መሐል ስለሚዞርም ቶሎ ይበርዳል።

ይህ ልዩነት ለዓለም ሁሉ የታየው እ.ኤ.አ. በ1953 በፈረንሳይ ለማን ከተማ ነው። ጃጓር በ24 ሰዓቱ ውድድር የደንሎፕ ዲስክ ፍሬን የተገጠመላቸውን መኪኖች አሰለፈ። ሌሎቹ ከረጅሙ ቀጥታ መንገድ መጨረሻ ሩቅ ላይ ፍሬን ሲይዙ የጃጓር ሾፌሮች እስከ ኩርባው ተጠግተው ይይዙ ነበር፤ ሰዓት በሰዓት ላይ ሲደራረብም ፍሬናቸው አልደከመም። ቶኒ ሮልትና ደንካን ሃሚልተን አሸነፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲትሮኤን ዲኤስን ለገበያ ሲያቀርብ የፊት ዲስክ ፍሬን ተራው ገዢ ዘንድ ደረሰ።

ርካሽ የሆነው ካሊፐርና ዕዳው

የመጀመሪያዎቹ ካሊፐሮች ዲስኩን ከሁለቱም ወገን በፒስተን ይገፉ ነበር። ጥሩ ነው፣ ግን ውድና ሰፊ ቦታ የሚፈልግ ነው። ፋብሪካዎች ቀስ በቀስ ወደ ተንሸራታች ካሊፐር ሄዱ። እዚህ ፒስተኑ በውስጥ በኩል ብቻ ነው። የውስጡን ሸራ ሲገፋ ካሊፐሩ በሁለት ፒኖች ላይ ተንሸራቶ የውጩን ሸራ ይስባል። ዛሬ በመንገዳችን ያሉት አብዛኞቹ ኮሮላና ቪትዝ ከፊት ይህን ይጠቀማሉ።

ቁጠባው ግን ዕዳ ይዞ መጣ። የፍሬኑ ሚዛን አሁን በሁለት ትንንሽ ፒኖች ላይ ተንጠልጥሏል። ላስቲካቸው ተቀዶ አቧራና ውኃ ከገባ፣ ግሪሳቸው ከደረቀ፣ ካሊፐሩ መንሸራተት ያቆማል። የውስጡ ሸራ ያልቃል፤ የውጩ ገና አዲስ ይመስላል። ዲስኩም በአንድ ፊቱ ይበላል። ዲስኩን ብቻ ቀይሮ ፒኑን የማይነካ ጋራዥ በሽታውን ቦታው ትቶ ምልክቱን ሸጠልን ማለት ነው።

«ተጣሟል» ስንል ምን እያልን ነው?

በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፎርድ ጂቲ 40 የእሽቅድድም ፕሮጀክት ውስጥ የሠራው ካሮል ስሚዝ የተባለ መሐንዲስ በዚህ ላይ የታወቀ ጽሑፍ አለው። ፍሬዱ ሲጠቃለል፣ ተጣሟል ተብሎ የሚጣለው ዲስክ በአብዛኛው አልተጣመመም፤ ውፍረቱ ነው ዙሪያውን እኩል ያልሆነው። ልዩነቱ ሁለት መቶኛ ሚሊ ሜትር ቢሆን እንኳ እግር ላይ ሊሰማ ይችላል። የሰው ፀጉር ከዚያ ሦስት እጥፍ ገደማ ይወፍራል። በጣት ዳሰሳ ይህን ማወቅ አይቻልም።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል? አንደኛው መንገድ ሙቀት ነው። ከረጅም ቁልቁለት በኋላ ፍሬኑ እንደጋለ ቆመን ፔዳሉን ረግጠን ከያዝን ሸራው የራሱን ማቴሪያል ዲስኩ ላይ እንደ ማኅተም ያትማል። ያ ቦታ ከሌላው የበለጠ ይይዛል፣ የበለጠ ይግላል፣ በመጨረሻም ብረቱ ራሱ እዚያ ቦታ ላይ ይጠነክራል። ከዚያ በኋላ ቶርኖም በደንብ አያስተካክለውም።

ሁለተኛው መንገድ ቀዝቃዛ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚፈጠረው እዚያው ጋራዡ ውስጥ ነው። ዲስኩ የሚቀመጥበት የጎማ መቀመጫ ላይ ዝገት ሳይጠረግ ከቀረ፣ ወይም ቡሎኖቹ እኩል ሳይጠብቁ ከቀሩ፣ አዲሱ ዲስክ ትንሽ አዘንብሎ ይዞራል። ፍሬን ባልያዝንበት ጊዜም በእያንዳንዱ ዙር አንዱ ቦታ ሸራውን ይነካካል። ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ያ ቦታ ይሳሳል፤ መሪው ይንቀጠቀጣል። ባለመኪናው «ዲስኩ ፎርጅድ ነበር» ይላል። ሊሆን ይችላል፤ ግን ኦሪጅናሉም በዚያ ዝገት ላይ ቢታሰር ዕጣው ያው ነው።

ዲስኩን ማንበብ

ስለዚህ ዲስክ ከመጣሉ በፊት ይነበብ።

▪️ የውስጡ ሸራ ከውጩ ቀድሞ ካለቀ፦ ፒኖቹና ፒስተኑ ይታዩ።
▪️ ሸራው እንደ ሽብልቅ በአንድ ጫፍ ከሳሳ፦ አንዱ ፒን ተይዟል፣ ካሊፐሩ አዘንብሏል።
▪️ የግራው ዲስክ ከቀኙ በጣም ከተበላ፦ ፒስተኑ አይመለስም፣ ወይም የፍሬን ዘይት ላስቲኩ ከውስጥ አብጦ ዘይቱን አፍኗል። መኪናው ወደ አንድ ወገን መሳቡም ምልክት ነው።
▪️ ውፍረቱ ዙሪያውን ከተለያየ፦ መቀመጫው ይጠረግ፣ የዲስኩ አዟዟር ይለካ።

ለዚህ የሚያስፈልገው ማይክሮ ሜትርና አዟዟርን የሚለካ ባለ መርፌ መሣሪያ ነው። ሁለቱም የቶርኖ ማሽንን ዋጋ ያህል አይጠይቁም። ዲስኩ ከስድስት እስከ ስምንት ቦታ ላይ ይለካል። ሊደርስበት የሚፈቀደው ዝቅተኛ ውፍረት ዲስኩ ላይ በሚሊ ሜትር ተቀርጿል። ቶርኖ የገባ ዲስክ ከዚያ በታች ከወረደ ሙቀት የመያዝ አቅሙን አጥቷል፤ በከተማ ሜዳ ላይ ደህና መስሎ ዓባይ በረሃ ላይ ይከዳል።

የኤሌክትሪክ መኪናስ?

«ኤሌክትሪክ እየመጣ ነው፣ ይህ ሁሉ ያልፋል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ የኤሌክትሪክ መኪና ሲቀንስ ሞተሩ ራሱ ጉልበቱን ወደ ባትሪ ስለሚመልስ ፍሬኑ ብዙ አይሠራም። ችግሩ እዚያው ላይ ነው፤ የማይሠራ ዲስክ ይዝጋል፣ የማይንቀሳቀስ ፒን ይያዛል። በመንገዳችን የምናየው የቮልስዋገን አይዲ 4 የኋላ ጎማዎቹ ላይ ታምቡር ያለው አለምክንያት አይደለም፤ የተሸፈነ ፍሬን ሳይሠራ ቢቆይም ብዙ አይጎዳም። ባትሪው ሙሉ ሆኖ ቁልቁለት ከጀመርን ደግሞ ጉልበቱን የሚቀበል ቦታ ስለሌለ ሥራው ወደ ፍሬኑ ይመለሳል። ከእንጦጦ ወደ ታች የሚነዳ ሰው ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ከፍሩድ አሮጌ ጫማ እስከ ዛሬ ድረስ ያለው ታሪክ አንድ ነገር ይደጋግማል፦ እያንዳንዱ መፍትሔ ችግሩን ወደ ሌላ ቦታ አዛውሮታል። ከሸራው ወደ ታምቡሩ፣ ከታምቡሩ ወደ ፒኑ፣ ከፒኑ ወደ ዝገቱ። የጥገና ባህላችን ግን አሁንም የሚታየውን ብረት ብቻ ይቀጣል። የዓመታዊ ምርመራ ጣቢያዎች ፍሬን ይይዛል ወይስ አይይዝም ከሚለው አልፈው የሸራውን አበላል ቢመለከቱ፣ የሙያ ማሠልጠኛዎች ከቶርኖ በፊት መለኪያ ቢያስጨብጡ ብዙ ገንዘብና ብዙ ሰው ይተርፋል። እስከዚያው ድረስ ጋራዥ ስትሄዱ «ተጣሟል» ለሚላችሁ ሰው አንድ ጥያቄ አቅርቡለት፦ «ስንት ሆኖ ተለካ?»