የሆሜር ዓይን እስከ የት ያያል?
እንግሊዛዊው ተጓዥ አሌክሳንደር ኪንግሌክ እ.ኤ.አ. በ1844 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ካርታ ይዞ ሆሜርን መጠራጠሩን ይተርካል። በኢሊያድ አሥራ ሦስተኛ ክፍል የባሕር አምላኩ ፖሲዶን የትሮይን ውጊያ የሚመለከተው ከሳሞትራኪ ደሴት ተራራ ጫፍ ሆኖ ነው። ካርታው ላይ ግን በሳሞትራኪና በትሮይ ሜዳ መካከል ኢምብሮስ የምትባል ሌላ ደሴት ተጋርጣለች። ኪንግሌክ ቦታው ደርሶ አሻግሮ ሲመለከት የሳሞትራኪ ተራራ ከኢምብሮስ ጀርባ ከፍ ብሎ ታየው። የሳሞትራኪ ጫፍ ከ1,600 ሜትር ይበልጣል፤ የኢምብሮስ ግን 700 እንኳ አይሞላም።

ከዚህ ተነሥቶ ጦርነቱም በእርግጥ ተካሂዷል የሚል አንባቢ አይጠፋም። ስንኙ የሚያረጋግጠው ግን ግጥሙን ከሠሩት ገጣሚዎች አንዱ ሜዳው ላይ ቆሞ እንዳየ፣ ወይም ካየ ሰው እንደ ሰማ ብቻ ነው። ይህም አያስገርምም፤ የግጥሙ ቋንቋ በአመዛኙ የኢዮኒያ ነው፤ ኢዮኒያ ያለችውም ከትሮይ በስተ ደቡብ፣ በዚያው በአናቶሊያ ዳርቻ ነው። የዛሬ ካርታ ለዳኝነት እንደማይበቃ የሚያሳይ ሌላም ነገር አለ። ጆን ክራፍት፣ ኢልሃን ካያንና ባልደረቦቻቸው ጥንታዊቷ ትሮይ ከነበረችበት ከሂሳርሊክ ኮረብታ በታች ያለውን ሜዳ ቆፍረው ያወጡት ደለል እንዳሳየው፣ አሁን የሚታረሰው መሬት ቀድሞ የባሕር ወሽመጥ ነበር፤ ወንዞቹ ናቸው የሞሉት።

ወደ ምዕራብ ሲሻገር የሆሜር ዓይን ይፈዛል። በሌላው ግጥሙ በኦዲሲ፣ ኦዲሴውስ አገሩን ኢታካን ከአካባቢው ደሴቶች ሁሉ ወደ ፀሐይ መጥለቂያ ያርቃታል፤ ዛሬ ኢታካ የምትባለው ግን ከኬፋሎኒያ በስተ ምሥራቅ ናት። ሮበርት ቢትልስቶን እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ፓሊኪ የሚባለው የኬፋሎኒያ ምዕራባዊ ባሕረ ገብ መሬት በጥንት ዘመን ራሱን የቻለ ደሴት እንደ ነበር፣ እውነተኛዋ ኢታካም እርሱ እንደ ሆነ ተከራክሯል። አንድ ስንኝ ለማዳን ይህን ያህል መሬት ማንቀሳቀስ በእኔ ግምት ከልክ ያለፈ ነው።

ግብፅ ዘንድ ሲደረስ ክፍተቱ ይሰፋል። ኦዲሲ የፋሮስን ደሴት ከግብፅ የአንድ ሙሉ ቀን የመርከብ መንገድ ያርቃታል፤ ደሴቲቱ ግን ከእስክንድርያ ፊት ለፊት፣ ከዳርቻው አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነበረች። የጥንቱ የጂኦግራፊ ጸሐፊ ስትራቦ የናይል ደለል ምድሩን ወደ ደሴቲቱ ገፍቶት ነው ብሎ ለሆሜር ተሟግቷል። ፍቅሩ ይገባኛል፤ ክርክሩ ግን አያሳምንም።

ከግብፅ ወዲያ ኢትዮጵያውያን አሉ። ኦዲሲ ከሰው ሁሉ የራቁና ለሁለት የተከፈሉ፣ ገሚሶቹ በፀሐይ መውጫ፣ ገሚሶቹ በመጥለቂያዋ የሚኖሩ ያደርጋቸዋል። እዚህ ላይ ወደብ የለም፣ ተራራ የለም፣ የጉዞ ቀንም አይቆጠርም። ጸሐፊዎቻችን ይህን ስንኝ ስለ አክሱም ወይም ስለ ዛሬይቱ ኢትዮጵያ ማስረጃ አድርገው መጥቀሱን ቢተዉ መልካም ነው፤ የሚመሰክረው በኤጌ ባሕር ዳርቻ የነበረ ሰው የዓለምን ጠርዝ እንዴት እንዳሰበው ነው።